የአባዬ ግራ ክንድ

ልጅ ሳለሁ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ የሚለው ሰው በሰፈራችን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቤታችን ከቁስቋም ማርያም ወረድ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። አካባቢው ድርግም ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ያማርራል፤ እማዬ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ለመሳቢያ ትዳብሳለች፤ እኔ ደግሞ በጓሮ በር ሹልክ ብዬ አባዬ ወደሚሠራበት ቆርቆሮ ቤት እሮጣለሁ። አባዬ አናጺ ነበር። በርና መስኮት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ደግሞ በድሩ መሀል የሚወረውሯትን የእንጨት መወርወሪያ ይሠራል። መብራት ካለ ማሽኑ ይጮሃል፤ ማሽኑ ከጮኸ ጨዋታ የለም። መብራት ሲጠፋ ግን መሮዎቹንና የመላጊያውን ምላጭ ከግድግዳው አውርዶ መሳል ይጀምራል። መሳል ድምፁ ዝቅ ያለ ሥራ ነው፤ አባዬም ተረት የሚያወራው ያኔ ብቻ ነበር።

ፋኖሱን ምስማሩ ላይ ይሰቅልና የመሳያ ድንጋዮቹን ባንኮው ላይ ያደላድላል። እኔ ሰጋቱራ የሞላው ጆንያ ላይ ቁጭ እላለሁ። ኮላ ያሞቀበት ምድጃ ውስጥ ፍም ተርፎ ከሆነ እፍኝ ፍቅፋቂ ጣል ያደርግበታል፤ የጥድ ጭስ ይነሳል፤ ዓይኔ እያለቀሰም ፍንክች አልልም። ድንጋዩን መጀመሪያ ውኃ ያጠጣዋል። ከዚያ መሮውን አጋድሞ ሲገፋና ሲስብ ወሬውም ከእጁ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ሻካራው ድንጋይ ላይ ሳለ ተረቱ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ለስላሳው ላይ ሲደርስ የሚያስፈራው ይመጣል፣ ባንኮው ላይ በምስማር በተመታችው አሮጌ ቀበቶ ስለቱን ወዲያ ወዲህ ማመላለስ ሲጀምር ደግሞ መጨረሻው እንደተቃረበ አውቃለሁ። በመጨረሻ እጅጌውን ሰብስቦ መሮውን ግራ ክንዱ ላይ ያስኬደዋል። ፀጉሩ ሙልጭ ብሎ ከተነሳ ተስሏል ማለት ነው። ካልተነሳ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል፤ ተረቱም ሌላ ዳገት ይወጣል። ሲያልቅ ክንዱን ወደ እኔ ይዘረጋል፣ እኔም የተላጨውን ፀጉር እፍ ብዬ አባርረዋለሁ። ሌላ ቤት ተረት ሲያልቅ «አፌን በዳቦ አብሱ» ይባላል፤ እኛ ቤት እፍ ነበር።

በዚህ የተነሳ የአባዬ ግራ ክንድ ከአንጓው እስከ ክርኑ ፀጉር ኖሮት አያውቅም። እኔም የአባት ክንድ ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አጎቴ እጁን ሊታጠብ እጅጌውን ሲሰበስብ ሁለቱም ክንዱ ፀጉራም ሆኖ ባይ ጊዜ፣ ሥራ የለውም እንዴ ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። እውነትም ሥራ አልነበረውም። ወንድሟ ነውና እማዬ ቆንጥጣኝ ወጣች።

ከተረቶቹ ሁሉ ደጋግሜ ያስነገርኩት የጅቡን ነው። የእንጦጦ ጅብ አረጀና ጥርሱ ዶለዶመ። አጥንት ቢያኝክ አልደቅ አለው። ሲመሽ ወደ ጉለሌ ወርዶ የአንድ አናጺ በር አንኳኳና ጥርሴን ሳልልኝ አለው። አናጺው አሰበ። ቢስልለት ጅቡ መጀመሪያ የሚሞክረው በእሱው ላይ ነው፤ እምቢ ቢለው ደግሞ በዱልዱሙም ቢሆን አይምረውም። ስለዚህ እሺ፣ ነገር ግን እጄ ያለ ወሬ አይሠራም፣ አፍህን ክፈትና እያዳመጥክ ቆይ አለው። ጅብ ደግሞ ወሬ ይወዳል። አፉን ከፍቶ «እህ» እያለ ሲያዳምጥ፣ አናጺው ሞረዱን ይዞ ጥርሱን የሚስል እየመሰለ ወሬውን ሲያስረዝም፣ የቁስቋም ደወል ተደወለ። ነጋ። ጅቡ ሰው ሳያየኝ ብሎ ወደ ጫካው ሮጠ፤ ቀሪውን ለመስማት በማግስቱ ማታ ተመልሶ መጣ። እንዲህ እያለ አናጺው ስንት ዘመን ኖረ። አባዬ እዚህ ላይ ሲደርስ ፀጉሩ ይላጫል፣ እኔም እፍ እላለሁ።

አንድ ምሽት ግን እፍ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ከነከነኝና አናጺው ወሬ ያለቀበት ቀንስ ምን ይሆናል አልኩት። አባዬ ክንዱን እንደዘረጋ ወደ እኔ ዞረ።

«ያን ቀን ሚጣ ትነግረዋለቻ» አለኝ።

ሚጣ እኔ ነኝ። ሹመት የተሰጠኝ መስሎኝ ለሰፈር ልጆች ሁሉ አወራሁ። ያኔ ጅቡ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

አደግኩ፤ ተረቱም ሳይታወቀን ቀረ። አባዬ መሳሉን አልተወም፤ ብቻውን ይስላል፣ ክንዱም እንደተላጨ ነው። እኔ ከሥራ ስመለስ ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ የማሽኑን ጩኸት ከሩቅ እሰማና አለ እላለሁ፤ በቃ፣ ከዚያ በላይ አልጠይቅም ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጩኸቱ አልነበረም። ባንኮው ሥር ወድቆ ያገኘችው እማዬ ናት። ሆስፒታል ስትሮክ ነው አሉን። ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እጁና ምላሱ ግን ቀሩ። ያ ሁሉ ተረት የወጣበት አፍ በቀኝ በኩል ተንጋዶ፣ ከውስጡ ከ«እህ» በቀር የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ቤት ከገባ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ አይዞርም፤ እማዬ ገንፎ በማንኪያ ስታቀርብለት ከንፈሩን ይገጥማል። ሐኪሙ ካልበላና ራሱ ካልታገለ አይቆይም ብሎናል። እማዬ በር ላይ ቆማ በለሆሳስ ትለምነዋለች፤ እኔ ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ። አንድ እሁድ ገላውን በፎጣ ሳብስለት ግራ ክንዱ ላይ ደረስኩ። ፀጉር አብቅሏል። ጥቅጥቅ ያለ፣ ነጭ ፀጉር። ሆስፒታል አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ቀን ግን ፎጣውን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። አባቴ ከአሁን በኋላ ሥራ የሌለው ሰው ነው ብሎ የነገረኝ ያ ክንድ ነው።

በማግስቱ ማታ አንድ መሮ፣ ድንጋዮቹንና ያቺን ቀበቶ ይዤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። እማዬ ስታየኝ ክው አለች፤ በሽተኛ አጠገብ ስለት ይዞ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ድንጋዩን ውኃ አጠጣሁት። አይቼ አውቃለሁ እንጂ ስዬ አላውቅም። የእንጦጦ ጅብ አረጀና ጥርሱ ዶለዶመ ብዬ ጀመርኩ። ከግድግዳው በኩል ምንም የለም። ጅቡ በሩን አንኳኳ፤ አሁንም ምንም። በኋላ ፊቱን ወደ እኔ ያዞረው ተረቱን ሰምቶ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። መሮውን አጉል አቁሜ ስገፋው ድንጋዩ ላይ ሲያንቋርር ጊዜ መታገሥ አቅቶት ነው። ቀስ ብሎ ዞረ፣ በደህና እጁ አንጓዬን ይዞ ወደ ታች ተጫነው። ድምፁ ተስተካከለ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና «እህ» አለ።

ያን ማታ እማዬ በማንኪያ ስታቀርብለት ጎረሰላት። ጓዳ ገብታ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲያ በየማታው እስላለሁ፣ እተርታለሁ፤ እሱ እህ ይላል። ስጨርስ ክንዱን ይዘረጋልኛል። መሮዬ ፀጉሩን ይጎትተዋል እንጂ አይላጨውም። አባዬ ክንዱን መልሶ በአገጩ ድንጋዩን ያሳየኛል፤ ድገሚው ማለቱ ነው። እኔም አናጺውን ሌላ ወሬ አስጀምረዋለሁ፤ የሰፈር ሐሜቱን፣ የታክሲ ረዳቶቹን ጭቅጭቅ፣ ያየሁትን የሰማሁትን ሁሉ ለጅቡ አወራለሁ። አባዬ በግማሽ ፊቱ ይስቃል። ግን እየከሳ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ሳነሳ አየዋለሁ። መሮው ባይሳልልኝ እመኝ ነበር። ካልተሳለ ተረቱ አላለቀም።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። እማዬ ፋኖሱን ከቆርቆሮው ቤት አምጥታ ራስጌው ሰቀለችው። ድንጋዩ ላይ እጄ ራሱ እያወቀ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ቀበቶው ላይ ሳመላልሰው ድምፁ የጥንቱ ድምፅ ነበር። አባዬም ሰምቶታል። ክንዱን ሊዘረጋ ሲል ያዝኩት።

«አይ አባዬ፣ ዛሬ የማወራው እኔ ነኝ። ክንዱም የእኔ ነው» አልኩት።

እጅጌዬን ሰብስቤ መሮውን አስኬድኩት። ያቺ ስስ ፀጉሬ ሙልጭ ብላ ተነሳች። ክንዴን ወደ አፉ ዘረጋሁ። ገባው። ከንፈሩን ሰብስቦ እፍ አለ፤ ትንፋሹ ግን በተንጋደደው በቀኝ በኩል ሾልኮ ወጣ፤ ፀጉሯ ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ ሞከረ። ለሃጩ ወረደ፣ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። አባቴ ሲያፍር አይቼው አላውቅም ነበርና ልቤ ተሰበረ። ያኔ ክንዴን ትንፋሹ ወደሚወጣበት ወደ ቀኙ ፈቀቅ አደረግኩለት። እንደገና እፍ ሲል ፀጉሯ በረረች።

ጥምቀት ሳይደርስ አረፈ። ቁስቋም ቀበርነው። የሰፈሩ ሰው ዕድሜውን ጨርሶ ነው እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። እኔ ግን በልቤ ተናድጄ ነበር፤ ለጅቡ ነገርኩት እኮ አባዬ፣ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፣ ለምን አልነጋም እያልኩ ከእሱ ጋር ስሟገት ከረምኩ። አሁንም ሙግቱ አላለቀልኝም።

ማሽኑን የገዙት ሰዎች ወሰዱት፤ መሮዎቹ ግን ግድግዳው ላይ ናቸው። መብራት ሲጠፋ አሁንም በጓሮ በር ወጥቼ ፋኖሱን አበራለሁ። አንዱን መሮ አውርጄ፣ ተረቱን ለራሴ እያንሾካሾክሁ፣ ክንዴን እስኪላጭ ድረስ እስላለሁ። ፀጉሯን እኔ እፍ አልላትም። ክንዴን እዘረጋና ትንሽ ወደ እሱ ቀኝ ፈቀቅ አድርጌ እጠብቃለሁ። ከዚያ በእጄ እጠርጋታለሁ።