በሩን የዘጋው ሌባ

የመጀመሪያው መጽሐፌ የታተመ ሰሞን፣ ወልድያ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንድም ሰው ገዳዩ ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሁሉም የጠየቁኝ ስለ መርማሪዋ ነው። «ባሏስ?» አለኝ አለቃዬ። ጎን ለጎን የምንቀመጠው ባልደረባዬ ደግሞ «እንዲህ ቀን ከሌት ወንጀለኛ ስታሳድድ ምሳዋን ማን ይሠራላታል?» አለችኝ። ተናድጄ «ሆቴል ትበላለች» አልኳት። መርማሪው ወንድ ቢሆን ኖሮ ምሳው ትዝ የሚለው ሰው አይኖርም ነበር።

እኔ የጻፍኩት መርሳ ከተማ ልጅ ሳለሁ ፈልጌ ያጣኋትን ሴት ነው። መናኸሪያው አጠገብ መጽሐፍ የሚያከራዩ ሰውዬ ነበሩ፤ ሱቃቸው ውስጥ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና ሽፋናቸው የተገነጠለ የወንጀል ልብ ወለዶች አብረው ተደርድረዋል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዱን መልሼ ሌላውን እወስዳለሁ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ሴት ሞልታለች። አንዷ ትገደላለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷ ቆንጆ ትሆንና መርማሪውን ታታልላለች። የምትጠይቅ ሴት ግን የለችም። አንድ ቀን ደፍሬ «ሴት መርማሪ ያለችበት የለዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሴት ልጅ ምን ትመረምራለች? ሽሮው ጨው መብቃቱን?» ብለው ሳቁ። ሱቅ ውስጥ የነበሩትም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቤት ስደርስ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ወልድያ ላይ ሴት ፖሊስ ስታልፍ ዞሮ የሚያይ የለም። ሴት ዳኛ አለች፣ ሴት ዐቃቤ ሕግ አለች። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንዳንዶቹ መንገድ ላይ አስቁመውኝ ስለ መርማሪዬ የሚያወሩት እንደሚያውቋት ታላቅ እህት ነው። ሁለተኛውን መጽሐፍ የጀመርኩት በዚህ የልብ ሙላት ነው። የቀረኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ መርማሪዋ ሰዉን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስባ፣ አንድ በአንድ እያየች፣ በመጨረሻ «ሌባው አንተ ነህ» የምትልበት። ያንን ለመጻፍ ቸኩዬ ነበር።

እዚህ ላይ ሳለሁ አክስቴ ከምትኖርበት ገጠር ከግራና ደወለች። «በሬዬን ወሰዱብኝ» አለች።

አክስቴ የእናቴ የመጨረሻ እህት ናት። በጥቂት ዓመት ብቻ ስለምትበልጠኝ እንደ እኩያ ነው የምንነጋገረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ እማወራ ናት፤ ቤቱን የምትመራው እሷ፣ መሬቱም በስሟ፣ በመሬት ደብተሩ ላይ የተለጠፈውም ፎቶ የእሷ። እናቴ በእሷ ዕድሜ ሳለች እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ቢሏት አታምንም ነበር። ነገር ግን ወረቀት አያርስም። እኛ አገር ሴት ትዘራለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ግን አትጨብጥም። ብትጨብጥ አገር ይስቅባታል፣ ዝናብ ታስቀራለች የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ የሚያርስላት ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም ነው። እሱ አንድ በሬ አለው፣ እሷም አንድ ነበራት፤ ሁለቱን አቀናጅቶ የራሱንም የእሷንም መሬት ያርሳል፣ ከእሷ መሬት የሚገኘውን እኩል ይካፈላሉ። በሬ ከሌላት ግን ውሉ ይለወጣል። በሬውም ጉልበቱም የእሱ ሲሆን ለእሷ የሚደርሳት ሲሶ ነው። መርሳ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ አለቻት፤ የልጅቷ ስንቅም ኪራይም የሚወጣው ከዚያው መሬት ነው። በሬው ከቀረ ልጅቷም ከትምህርቷ መቅረቷ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ፤ ከመርሳ በባጃጅ ግራና ገባሁ። አዝኛለሁ፤ ግን ማዘን ብቻ አልነበረም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ወንጀል ሊገጥመኝ ነውና ልቤ ይመታ ነበር።

የአክስቴን በረት ከሽንኩርት መደቧ የሚለየው የእሾህ አጥር ነው። መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ ግንድ ይጋደምበትና እሾህ ይከመርበታል። «በዚህ ነው ያወጡት?» አልኳት።

«በዚሁ ነው። ደግነቱ አላህ የሌባውን ልብ አራርቶት በሩን መልሶ ዘግቶታል። ላሟና ጥጃዋ ወጥተው ቢሆን እኮ ሽንኩርቱን ሙልጭ ያደርጉት ነበር። አልሐምዱሊላህ» አለች።

እሷ ልታመሰግን ነው ያለችው። እኔ ግን ባለሁበት ቆምኩ። ጠረጴዛዬ ላይ ስንት ሌባ ፈጥሬያለሁ፤ አንዱም በር ዘግቶ አልሄደም። በሬ እየነዳ በጨለማ የሚሸሽ ሰው ቆሞ ግንድ አያጋድምም፣ እየወጋው እሾህ አይከምርም። የሰው ሽንኩርት ቢበላ ምኑ ነው? በሩን የሚዘጋው ሽንኩርቱ የሚቆጨው ሰው ነው። በዚያ ሽንኩርት ላይ ድርሻ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ አጠገቤ ቆማ አላህን ታመሰግናለች።

ከሰዓት በኋላ ሰላም ልበል ብዬ ብቻዬን ዋርሳዋ ቤት ሄድኩ። ደስ ብሎት ተቀበለኝ። «መጣሽልን? አንቺ መቼም የተማርሽ ነሽ፣ ይኼን ሌባ ታወጭልናለሽ» አለኝ እየሳቀ። ደጁ ላይ ጥጃ ታስሯል። የታሰረበት የቃጫ ገመድ መሐሉ ላይ ተበጥሶ በአረንጓዴ ጨርቅ ተቀጥሏል። ያንን ጨርቅ አውቀዋለሁ። አክስቴ ከባሏ አሮጌ ሽርጥ ቀዳ የበሬዋን ገመድ ስትቀጥልበት ባለፈው ዒድ አጠገቧ ተቀምጬ «እንግዲህ በሬውንም ሽርጥ አስታጠቅሽው» ብዬ ቀልጄባታለሁ። በእኔ መጽሐፍ ሌባ ማስረጃውን ያቃጥላል። ገበሬ ግን ደህና ገመድ አይጥልም።

ሻይ አቀረበልኝ፣ ጠጣሁ። ከዚያ ወደ አክስቴ ቤት ስመለስ እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። አውቄያለሁ! መጽሐፍ አከራዩ ሰውዬ በሕይወት ኖረው ቢያዩኝ አልኩ በልቤ።

አክስቴ ሽንኩርት እያረመች ነበር። ስለ በሩ ስነግራት እጇ ቆመ። ስለ ገመዱ ስነግራት የያዘችውን አረም መሬት ላይ አስቀመጠችና ቁጢጥ እንዳለች ቀረች።

«ወላሂ በይ» አለችኝ።

«ወላሂ።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው። ትጮኻለች፣ ሄዳ ታንቀዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው ባልነገርሽኝ።»

«እንዴት?»

«ሳላውቅ እኮ ከአንድ ትሪ አብሬው እበላ ነበር። አሁን እንዴት አድርጌ ነው የምውጠው? አብሬው አልበላም ካልኩ ደግሞ ማን ያርስልኛል?»

ሌላ አራሽ እንፈልጋለን አልኳት። «የቤተ ዘመድ ጠብ ውስጥ ሞፈሩን ተሸክሞ የሚገባ ማን አለ?» አለች። ወልድያ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ አልኳት። «ምንሽ ልሁን? ሠራተኛሽ?» አለች። እንግዲያው መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን እናመልክት አልኳት። እዚህ ላይ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ከሳሿ እኔ፣ ምስክሯ አንቺ። አንቺ ሰኞ ቢሮሽ ትገቢያለሽ። እኔስ ሰኞ የት እገባለሁ?»

በመጽሐፌ ውስጥ መርማሪዋ ሌባውን ከጠቆመች በኋላ ታሪኩ ያልቃል። ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚሆን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም።

በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ፤ እኔም ከወልድያ ተመልሼ መጣሁ። አውጫጭኝ የቆየ ልማድ ነው፤ አንድ ነገር ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ሌባው እስኪወጣ ድረስም ወደ ሥራው የሚሄድ የለም። ያየ ሰው «እኔ አየሁ» ብሎ መመስከር አይጠበቅበትም። «ወፍ ነገረችኝ» ይላል፤ ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። ድሮ የሚቀመጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ዘንድሮ እማወራዎችም ተጠርተዋል። እኔም ከአክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ተሰብስቦ ሞላ። የመጨረሻው ምዕራፌ ነበር የተቀመጠው። ሁሉም አንድ ቦታ ነው፤ ሌባውም መሐላቸው ሆኖ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። የጎደለችው መርማሪዋ ብቻ ናት። የአካባቢው ሰው ስላልሆንኩ አፍ የለኝም፤ ያም ሆኖ ብድግ ብዬ ልናገረው ምላሴ ላይ ነበር። አክስቴ ግን ታውቀኛለች፤ ከቤት ሳንወጣ «በሞቴ፣ እንዳትናገሪ» ብላ ይዛኛለች።

ዱዓ ተደረገ። ወንዶቹ በየተራ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ወፍም አልነገረችኝም» አሉ። ዋርሳዋም ተነስቶ እንዲሁ አለ። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ዋናው ሽማግሌ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ይበልጥ የጎዳኝ። «ዘመኑ የእናንተም ነው። ሴት አይታ ዝም የምትልበት ጊዜ አልፏል» አሉ። «አንቺ ባለ በሬዋ፣ ልጄ፣ አብሽሪ፣ አትፍሪ። ወፍ የነገረችሽ ነገር አለ?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ልጅ ሆኜ የተመኘሁት ይህንን ነበር፤ ሴት ተነስታ ስትናገር አገር ዝም ብሎ ሲሰማት። አክስቴ ተነሳች። ሻርፗን አስተካከለች። ዋርሳዋ መቁጠሪያውን መቁጠር አቆመ። እኔ በልቤ «በይ፣ በይ፣ በይ» እላለሁ።

«አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለች። «ወፍም አልነገረችኝም» ብላ ተቀመጠች።

ተናደድኩ። መጀመሪያ በእሷ ተናደድኩ፣ ቀጥዬ በሽማግሌው፣ ቀጥዬ በዚያ ሁሉ ጸጥታ። የወፏ ስም አይጠየቅም ይባላል እንጂ፣ ከማን ቤት እንደተነሳች ለማወቅ ግራና ውስጥ መርማሪ አያስፈልግም። መናገሩን ፈቅደውላታል፤ ማረሱን የፈቀደላት ግን የለም። ፀሐይ ሲበረታ የመስኖ ተራ የደረሰው ሰው መቁነጥነጥ ጀመረ፣ ሌባው የሩቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም ተባለ፣ ጉባኤውም ተበተነ።

መንገድ ላይ አላስችል ብሎኝ «ለምን?» አልኳት።

«ያቺ መርማሪሽ ደሞዝ አላት አይደል?» አለችኝ።

«አላት።»

«እንግዲያው ትናገር» አለችና ቀደመችኝ።

ክረምቱ ሲገባ እንደገና ግራና ሄድኩ። ዋርሳዋ ሁለተኛ በሬ ገዝቷል፤ ገንዘቡን ልጁ ከዓረብ አገር ልኮለት ነው ይላሉ። የአክስቴም ውል ወደ ሲሶ ወርዷል። የልጅቷን የቤት ኪራይ እኔ ልቻል ብላት «እስከ መቼ?» አለችኝ፤ እኔም በወር ደሞዜ እስከ መቼ እንደምችል አላውቅም። ልጅቷ ለመስከረም ወደ መርሳ ትመለስ እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ዛፍ ነው፤ መርማሪዬ ከሥሩ ትቆማለች፣ ሁሉም ይሰሟታል፣ አፏን ትከፍታለች፣ እኔ ደግሞ የምትለውን አጣለሁ።

ያኔ ግራና በሄድኩ ቀን ዋርሳዋ የአክስቴን መሬት እያረሰ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን አክስቴ ምሳውን በአገልግል ቋጥራ አዘጋጀች። ከዚያ ራሴን አሞኛል ብላ ተቀመጠች። «አንቺ አድርሺለት» አለችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ እኔ አላዞረችም። አገልግሉንና የውሃ ጆኩን ይዤ ወጣሁ።

ሲያየኝ በሬዎቹን አቁሞ ወደ ማሳው ጫፍ መጣ። «አላህ ይስጥሽ» አለ ላቡን እየጠረገ። «ያ መጽሐፍሽ አለቀ?»

«አንድ ምዕራፍ ቀርቶኛል፣ ጋሼ።»

«አክስትሽ አጫውታኛለች። ሌባ የምታወጣ ሴትዮ ናት አሉ።» እንደ መሳቅ አለ። «መጨረሻው ላይ ሌባው ይያዛል?»

ዓይኑን አየሁት። እሱም አየኝ፤ አላፈረም፣ ዓይኑንም አላሸሸም። ከኋላው አዲሱ በሬ ዝንብ በጭራው ይከላከላል። ከአክስቴ መሬት የታረሰው ጥቂት ነው፤ ያልታረሰው ገና ይበዛል።

«ይያዛል፣ ጋሼ» አልኩት።

«እንዲያ ነው የሚያምረው» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ። ጆኩን አንስቼ አስታጠብኩት።