ባለ መስመሩ ነብር

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተኮሳትራ መጣች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችና በእንግሊዝኛ፣ "ውሸታም አስባልሽኝ!" አለችኝ። አያቷ በጦር ነብር እንደገደሉ ለክፍሏ ልጆች ተናግራ ኖሯል። መምህሯ ፈገግ ብላ፣ "አፍሪካ ውስጥ እኮ ታይገር የለም" ስትል ልጆቹ በሙሉ ሳቁባት።

ጥፋቱ የኔ ነው። እኛ ባለ ነጠብጣቡንም ባለ መስመሩንም ነብር ነው የምንለው። እንግሊዝኛን ለብቻዬ ከልጆች መጽሐፍ ስለቃቅም ነብር ማለት ታይገር ነው ብዬ ያዝኩ፤ ስተርትላት የኖርኩትም በዚያው ነው። የነብር ጅራት አይይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይባላል። እኔ የያዝኩት የሌላ ነብር ጅራት ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ተረት መጠየቋን ተወች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች። ቀን እሷ በእንግሊዝኛ እኔ በአማርኛ ስንተላለፍ እንውላለን፤ የምንገናኘው ተረት ላይ ብቻ ነበር። አሁን እሱም ሊቀርብኝ ነው ብዬ መቀመጫ አጣሁ። ሥራ ቦታ ያጠፍኩትን አንሶላ እንኳ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ።

አባቴ በዚያ ሰሞን ከአገር ቤት ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ሁለቱንም ይዤ አራዊቱ ያሉበት ፓርክ ልሄድ ወሰንኩ። ባለ መስመሩንና ባለ ነጠብጣቡን ጎን ለጎን አሳይቻት ነገሩን ልቋጨው። ግን ሌላም የሚያቁነጠንጠኝ ነገር ነበረ። ጦሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ያሉኝ፣ "የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሳለሁ ነብር አጋጥሞኝ አባረርኩት" ብቻ ነው። ተረት ያለ ጦር አይጥምም ብዬ ነው እንግዲህ።

ፓርኩ ስንደርስ ካፊያ ነበር። ታይገሩ አጥሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። እኔም ከውጭ በኩል እንደሱው።

"ይሄ ምንድነው?" አሉ አባቴ።

"ነብር ነዋ፣ አባዬ።"

"ሂጂ! ይሄ የሜዳ አህያ ያሳደገችው አንበሳ ነው እንጂ ነብር አይደለም።"

ልጄ "አይደለም" የምትለዋን ቃል ሰምታ ቀና ብላ አየችኝ። ቶሎ ብዬ የአባቴን ካፖርት ይዤ ወደ ባለ ነጠብጣቡ ጎተትኳቸው።

"ምን ያጣድፍሻል? አውሬው እንደሆነ ታስሯል፣ የት ይሄድብሻል?"

እዚያ ስንደርስ ደስ አላቸው። "እንዲህ ነው እንጂ! ግን ወፍሯል። ቀለቡ ነው መሰል።"

ልጄ ሰሌዳውን አነበበች። "ማሚ፣ ይሄ ጃጓር ነው። ይሄም አይደለም።"

ተንበርክኬ አስረዳኋት። የኛው የዚህ የጃጓር ዘመድ ሆኖ ሌፐርድ እንደሚባል፣ ቃሉን የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። "ኦኬ" አለች። አላመነችኝም። ወደ አያቷ ዞራ በሰባራ አማርኛዋ፣ "አባባ፣ አንተ ነብር በጦር ገደልክ?" አለች።

"አንቱ በያቸው" አልኩ፣ ጊዜ ለመግዛት።

"ጦር?" አሉ አባቴ። "የምን ጦር?"

ልጄ እኔን አላየችኝም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጠችና በእንግሊዝኛ፣ "እሱ ያለውን ብቻ ንገሪኝ። ያንቺን አትጨምሪ" አለችኝ። ቆሜ አስተረጎምኩ።

ቆላ ነው። አባቴ የመድኃኒት መርጫውን በጀርባቸው ተሸክመው ቤት ለቤት ይረጫሉ። ሰው የሌለበት አንድ ጎጆ ሲገቡ ጥግ ላይ ነብር ተኝቷል። "ተያየን። እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። እጄ ቧንቧው ላይ ነበርና ፊቱ ላይ ለቀቅኩበት። አነጠሰ! እንደ ሰው! ከዚያ በላዬ ዘሎ ወጣ።" ቀጥለውም፣ "ሱሪዬ ረጥቦ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሲጠይቀኝ መድኃኒቱ ፈሶብኝ ነው አልኩ" አሉ።

የወለደኝን ሰው ለልጅ ልጁ እንዴት እንዲህ ብዬ ልንገርበት?

"ምን አለ?" አለች።

አባቴ በጃንጥላቸው ጎሸም አደረጉኝ። "ንገሪያት እንጂ! እንግሊዝኛ ባላውቅም ፊቷን አይቼ እነቃብሻለሁ።"

ነገርኳት። መጀመሪያ ሱሪያቸውን አየች። ከዚያ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተዘረረች። ነብሩ እንዴት እንዳነጠሰ አሳዩኝ እያለች ደጋግማ አስነጠሰቻቸው፤ እሳቸውም እምቢ አላሉም።

ስንመለስ ሰፈራችንን ሬኒየር ቫሊን ሳናጋምስ ከኋላ ወንበር፣ "ማሚ፣ እንደገና ንገሪኝ" አለች።

"ከየቱ ጀምሬ?"

"ከጎጆው። ጦር የለም፣ ኦኬ?"

በአማርኛ ጀመርኩ። አላቋረጠችኝም። ቤታችን ደርሰን መኪናውን ሳቆም ነብሩ ገና ጥግ ላይ ነበር፤ ለመውረድ የመኪናውን በር የከፈተ የለም። መድኃኒቱ ተለቀቀበት፣ አነጠሰ፣ ደግሞ አነጠሰ።

"አንዴ ነው" አሉ አባቴ ከጎኔ። "ሁለቴ አላነጠሰም።"

"ማሚ!" አለች ልጄ።