የጋሽ ሰይድ ማሽንና የእኔ ፊደል

ማዳም ከነልጆቿ ከእረፍት ስትመለስ የከረመውን አቧራ የማነሳው እኔ ነኝ። ሰሞኑን እዚሁ መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ የትልቁን ልጅ ክፍል ስወለውል ልጁ ከኋላዬ ገብቶ አሮጌ ኮምፒውተሩን አበራው። መጀመሪያ ማራገቢያው አጓራ፤ ቀጥሎ የተጠበሰ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ልጁ አፍንጫውን ይዞ ወጣ፤ እኔ መወልወያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሌላው ሰው ወዳጁን በሽቶ ያስታውሳል። እኔ ጋሽ ሰይድን የማስታውሰው በተጠበሰ አቧራ ነው፤ ምን ላድርግ።

ጋሽ ሰይድ ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር፣ ልጅ ሆኜ ባደግኩበት ቤት ከጎናችን ያለው ክፍል ተከራይ ነበር። የደሴ ሰው ነው። አገር ቤት ኢንተርኔት ቤት ነበረው፤ በባሕር ተሻግሮ እዚህ ያገኘው ግን ሲሚንቶ መሸከም ነው። ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ የሚጭነው መኪና ይጠብቃል፤ ከመጣ ይሠራል፣ ካልመጣ ፀሐይ ሲጠብሰው ውሎ ይመለሳል። እናቴ መካ ሰው ቤት ስለምትሠራ የምታየኝ በወር አንዴ ነበር። የቀረውን ጊዜ የሚይዙኝ እማማ ዘሃራ ናቸው፤ የቤቱ ትልቅ ሰው፣ ለተከራዩ ሁሉ የሚያበስሉ።

ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ስላልነበረኝ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አረብኛውን ከቴሌቪዥን ለምጄ እንደ ጅዳ ልጅ እለቀልቀዋለሁ፤ አማርኛ ግን መናገር እንጂ ማንበብ አልችልም። አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ቆረጠች፦ ከሐጅ በኋላ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ሄጄ እማራለሁ። አክስቴ በስልክ፣ ፊደል ካልቆጠረች አንደኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር ነው የሚያስቀምጧት አለች። ያን ሰምቼ ስነፋረቅ ሰነበትኩ። እግሬ ዴስክ ስር አልገባ ብሎ ሕፃናቱ ሲስቁብኝ ይታየኝ ነበር።

ጋሽ ሰይድ፣ «ሂክማን እኔ አስቆጥራታለሁ» አለ። ግን ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሞቶ ነው የሚገባው። ሊያስተምረኝ ቁጭ ይልና «ሀ» ሳይል እጁ ላይ ያንቀላፋል። ማሽኗ የመጣችው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገኛት ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ነው። ጅዳ ሰው የሰለቸውን ዕቃ ገንዳው ጥግ ያስቀምጣል፤ የእኛ ሰው ያነሳል። ፍራሻችንም ፍሪጃችንም ከዚያው ነበር። አንድ የተዘጋ ማተሚያ ቤት የጣላት፣ ሁለት ሰው የሚሸከማት ብርማ ኮምፒውተር ናት። አንጎሏ ከሌሎች ኮምፒውተሮች የተለየ ስለሆነ ፕሮግራም የሚሠራላት ቀርቷል፤ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ቢያዞራትም የሚፈልጋት ጠፋ። ጋሽ ሰይድ ሊኑክስ ጫነባት። ሊኑክስ በነፃ የሚሰጥ፣ የፈለገ ሰው ሁሉ ከፍቶ የሚያስተካክለው የኮምፒውተር ሥርዓት መሆኑን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለኝ፦

«ሌላው በር ላይ አቁሞ ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ ይላል። ሊኑክስ ኢቃማ አይጠይቅም።»

አይጠይቅም አለ እንጂ አያስቸግርም አላለም። መጀመሪያ ዲስክ አላነብም ብላ አንገላታችው። ስትነሳ ደግሞ ቀለሟ ተገለባብጦ መጣ። የእናቴን ፎቶ ቢከፍትልኝ ፊቷ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ሂጃቧ ቀይ ሆኖ ቁጭ። ሳቅኩ፤ ቆይቶ ግን ፈራሁ። ይቺ ቁጥር የምትቆጥረው ከወዲያኛው ጫፍ ስለሆነ ነው፣ አይዞሽ አለኝና አስተካከለው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ሐሳቡ፣ አንድ ቁልፍ ስነካ ፊደሉ ገዝፎ እንዲወጣና የእሱ ድምፅ እንዲጠራልኝ ነበር። እሱ ሲሚንቶ ሲሸከም ማሽኗ ታስተምረኛለች። ለዚያ የሚሆን ፕሮግራም ለእሷ ዓይነት ተዘጋጅቶ አይገኝም፤ የፕሮግራሙን መሥሪያ ጽሑፍ ከኢንተርኔት አውርዶ እሷው ራሷ እንድትገነባው ማድረግ ነበረበት። አሮጌ ናትና ቀን ከሌት ታጓራለች።

በቤታችን ልማድ አዛን ሲወጣ የሚጮህ ነገር ሁሉ ይዘጋል። እማማ ዘሃራ አንድ በአንድ ማጥፋቱ ስለሚታክታቸው ሁሉም የተሰካበትን ማከፋፈያ ገመድ ከግድግዳው ይነቅሉታል፤ አዛኑ ሲያበቃ መልሰው ይሰኩታል። ማሽኗም በማጓራቷ ከራዲዮ ተቆጠረች። ጋሽ ሰይድ ከማታው አዛን በኋላ ሲመለስ ሥራው ተቋርጦ፣ ዲስኩ ተበላሽቶ ያገኘዋል። እንደገና ይጀምራል፤ በማግስቱም ያው። አርጅታ ነው ብሎ ይከፍታታል፣ ይጠርጋታል፣ ያ የተጠበሰ አቧራ ቤቱን ይሞላዋል። ማናችንም አልነገርነው፤ ለአዛን ዝም ማሰኘት ጥፋት ነው ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ሐጅ እየቀረበ ነው፤ እኔ ገና ሀ እንኳ አላውቅም።

አንድ ጁምዓ ሥራ ጠፍቶ ቤት ሲውል በዓይኑ አየ። አዛን ወጣ፤ እማማ ገመዱን ነቀሉ፤ ማሽኗ ጸጥ አለች። እሱ አዛኑ እስኪያልቅ ተቀመጠ። በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እማማ፣ ይቺ እኮ የሂክማን ፊደል ነው የምትሠራው። ሲነቅሏት ከመጀመሪያ ትነሳለች።»

እማማ አፋቸውን ያዙ። «ያ ረቢ፤ ልጄን በገዛ እጄ መሃይም ላደርጋት ነበር?» አሉ።

መላውንም የመቱት እሳቸው ናቸው። ማሽኗ ወደ ጣሪያ መውጫው ደረጃ ትሂድ፣ በሩ ይዘጋ፣ ድምፅዋ አዛኑን አይሻማ አሉ። ደረጃው በጅዳ ሙቀት ምድጃ ነው። እማማ ካርቶን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡና እንደ ታመመ ሰው ያራግቡላት ጀመር። አዛን ሲወጣ ከንፈራቸው ከሙአዚኑ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው አይቆምም። በመጨረሻ ጨረሰች። ባዶው ሳጥን ሄዶ «ሀ» ብቅ ስትል እማማ እልል አሉ፤ እሳቸውም ማንበብ አይችሉም ነበር።

ከዚያ ጋሽ ሰይድ ድምፁን መቅዳት ያዘ። ከሥራ ሲገባ፣ ሲሚንቶውን እንኳ ሳይታጠብ፣ አንድ አንድ መስመር ይቀዳል፦ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ወገቡን ይዞ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ መቅጃውን የሚያጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ቀን ቀን ማሽኗ ፊት ተቀምጬ ያለውን ሁሉ እላለሁ።

የመጨረሻውን መስመር በቀዳ ማግስት ተያዘ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መኪና በሚጠብቅበት ቦታ የኢቃማ ፍተሻ መጣና ከነጓደኞቹ ወደ አገሩ መለሱት። ሳይሰናበተኝ ስለሄደ ተናደድኩበት፤ ልጅ ነበርኩ። በማግስቱ ማሽኗን ከፍቼ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ስነካ በእሱ ድምፅ «ሀ» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሐጅ እስኪያልፍም ከድምፁ ጋር ቆጠርኩ።

ኮምቦልቻ ትምህርት ቤት ሊመዝኑኝ ከፊደል ገበታ ፊት አቆሙኝ። ከላይ እስከ ታች አንድም ሳልስት ተወጣሁት፤ ቀጥሎ መጽሐፍ ሰጡኝ፣ እሱንም አነበብኩ። መምህርቷ ከሕፃናት ጋር አትቀመጥም፣ ሦስተኛ ክፍል ትግባ አለች። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝና፦

«በየመስመሩ መጨረሻ ለምንድን ነው እንደዚያ የምትተነፍሺው? ደክሞሻል እንዴ?»

ፊደል እንደዚያ የሚነበብ ነበር የመሰለኝ።

ጋሽ ሰይድን ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግረኝም አላገኘሁም። እኔ አድጌ ተመልሼ መጣሁ፤ እናቴ ደግሞ አገሯ ገብታለች። ሥራ ስጨርስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በስልኬ እጽፍላታለሁ፤ በየመስመሩ መጨረሻ ላይ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ድሮ የእሱ ድካም ነበር። አሁን የእኔም ገብቶበታል።