የግራው ሞተር

በንጉሡ ዘመን የድሬዳዋን ሰው ፊት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የምሠራው ሥራ ፎቶ ላይ ፊት ማጽዳት ነበር። የፈንጣጣ ጠባሳ፣ ብጉር፣ የተሸበሸበ ግንባር፣ የጎደጎደ ጉንጭ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። በስተርጅና የሚያገባ ሰው ከእኔ ዘንድ ጎረምሳ ሆኖ ይወጣል። ፎቶውን ሲቀበል "ይሄ እኔ ነኝ?" ይላል። እኔም "ታዲያ ማን ሊሆን ነው?" እለዋለሁ። ጉራ አይደለም፤ እጄ ጥሩ ነበር፣ አሁንም ጥሩ ነው።

መሣሪያዬን ባለቤቱ፣ ሁላችንም ሙሴ የምንለው አርመናዊ፣ በፈረንሳይኛ ኤሮግራፍ ይላት ነበር። ብዕር የምታህል የቀለም መርጫ ናት። ጫፏ ላይ መርፌ አለ፣ ጎኗ ላይ ጥቂት ጠብታ ቀለም የምትይዝ ጽዋ፣ ከኋላዋ ደግሞ አየር የሚገባባት ቀጭን የጎማ ቱቦ። አየሩን የምናጠራቅመው በጭነት መኪና ከመነዳሪ ውስጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት በእግር ፓምፕ እስኪወጠር ድረስ እነፋውና ወንበሬ ሥር አስተኛዋለሁ። ማስነሻዋን ስጫን አየር ይወጣል፣ ወደ ኋላ ስስባት ቀለም ይከተላል። እጁን ያሠለጠነ ሰው የረጨው ቀለም የት ጀምሮ የት እንዳበቃ አይታወቅም።

አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ ለመታወቂያ ፎቶ ልትነሣ መጣች። ቅንድቧን የሚከፍል ጠባሳ ነበራት። ተነሥታ ስትጨርስ ወደ እኔ ጠረጴዛ ቀጥ ብላ መጥታ "ጠባሳዬን እንዳትነካው" አለችኝ።

"ለምን? በነፃ ነው እኮ።"

"የኔ ነዋ አቦ! ምን አገባህ?"

ፍቅር የያዘኝ እዚያው ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ያስውበው ነበር፤ እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ተቆጥታ ስለነበር ነው የወደድኳት። ጠባሳውን አልነካሁትም። ከዚያ በኋላ በሆነ ባልሆነው ምክንያት ፎቶ ቤቱን ትመላለስ ጀመር፤ እኔም በትምህርት ቤቷ በኩል የማያስፈልግ መንገድ መዞር አበዛሁ። ክረምቱ ሳይገባ ተስማማን።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አባቷ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ማረፊያ፣ አዳሯን ድሬ አድርጋ ጠዋት ተሳፋሪ ይዛ የምትነሣውን ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ስለ እሷ ሲያወሩ የሰማ ሰው ስለ በኩር ልጃቸው የሚያወሩ ይመስለዋል። ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው በምድር ባቡር የሚሠራው አጎቴ ነው፣ ሁለተኛው ፎቶ ቤቱ ጎን ልብስ የሚሰፉት የመጋላ ሰፈር ሰው፣ የተከበሩ አዛውንት። በእኛ አገር ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሽማግሌ "እናስብበት" ብሎ መመለስ ወግ ነው። እሳቸው ግን እናስብበት አላሉም።

"ሥራው ሰውን ማሞኘት ነው" አሏቸው። "ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ የሚያሰኝ እጅ ነው ያለው። ልጄን ለውሸታም አልሰጥም።"

አጎቴ ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። በዚያ ላይ ከፋሲካ በኋላ ለአንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ሌሎች ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተሰምቷል። አጎቴም "አንድ ጊዜ ብቻ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ፊቴን አላስገርፍም" አለኝ። ስለዚህ የቀረችኝ አንዲት ዕድል ነበረች። ልጅቷን ካጣሁ ድሬዳዋ ውስጥ እንደማልኖርም አውቅ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ወስኜ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለሙሴ የእህት ልጅ ከጅቡቲ በባቡር አንድ ካርቶን መጣ። ውስጡ ተገጣጥሞ ትንሽ አውሮፕላን የሚሆን የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የተሣለችውም ያችው ዳኮታ ናት። ልጁ ኳስ እንጂ ይህን አልፈልግም ብሎ አለቀሰ። እኔ ኳስ ገዝቼ ካርቶኑን ወሰድኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ የእኚህን ሰው አውሮፕላን በዚያችው በናቋት መሣሪያ እሠራለሁ፤ እጄ ምን እንደሆነ ያያሉ።

ድሬ ላይ ቀለም የሚረጨው በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይነሣና ያልደረቀ ነገር ሁሉ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ፎቶ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት እየገባሁ ሠራሁ። የአሉሚኒየም ዱቄት በቫርኒሽ በጥብጬ፣ በናይሎን ካልሲ አጥልዬ፣ ገላዋን በስሱ በስሱ ደጋግሜ ረጨሁ። ባንዲራውን ጅራቷ ላይ ለማስፈር ዙሪያውን በወረቀት ሸፍኜ አረንጓዴውን፣ ቢጫውን፣ ቀዩን በየተራ አሳረፍኩ። ወረቀቱን ስልጠው መስመሩ እንደ ምላጭ የቀጠነ ነበር። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ "በለው!" ብዬ ጮኽኩ።

ለልጅቷ አሳየኋት። እንደምትገረም እርግጠኛ ነበርኩ። አገላብጣ አየቻት።

"የገና መጫወቻ ነው" አለች።

"ምን?"

"ያምራል፣ ያምራል። ግን አባቴ ይህችን አውሮፕላን አያውቃትም። የሱዋ አቧራ ትጠጣለች፣ ጭስ ትተፋለች። ሄደህ አይተሃታል?"

አላየኋትም ነበር። ማለቴ፣ ከራሴ በላይ ስታልፍ አይቻታለሁ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ይህች አባባል ለእኔ የተተረተች ይመስለኛል።

ከሥራ ስወጣ በብስክሌት ወደ ማረፊያው መሄድ ጀመርኩ። ከሽቦው አጥር ውጭ ቆሜ ማታ ማታ ስታርፍ አያታለሁ። የምትጠልቀው ፀሐይ ከጎን ስትመታት ገላዋ ሁሉ ይነበባል። ከጭስ ማውጫዎቹ ጀርባ ክንፉ ላይ ጥቁር፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ ቡናማ የሚሆን የጭስ ጥላ አለ። አፍንጫዋና ሆዷ ከሜዳው በሚፈናጠር ጠጠር ተልጦ ቀለሟ ተነስቷል። ጎማዎቿ አጠገብ ያለው አቧራ የድሬ ነው፣ ወደ ቀይ የሚያደላ። ክንፏ ከገላዋ በሚገናኝበት ቦታ ሰው የሚረግጠው ጠቁሯል። ከግራው ሞተር ሥር ደግሞ አንድ የዘይት መስመር ወርዶ፣ ነፋስ ወደ ኋላ ጎትቶት፣ ክንፉ ሥር ይጠፋል። ደጋግሜ አየሁት። ባየሁት ማታ ሁሉ ነበረ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ በሕይወቴ ካስደሰተኝ ሥራ ሁሉ ይበልጣል። ስንት ዓመት ሳጠፋ የኖርኩትን ነገር አሁን መልሼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ጥቁርና ቡናማ ቀለም ቀላቅዬ ውሃ እስኪመስል አቀጠንኩት። ከመነዳሪውን አልወጠርኩትም፤ አየሩ ከበዛ ጭስ አይሆንም፣ ጭቃ ይሆናል። መሣሪያዋን ራቅ አድርጌ፣ ከሞተሩ ጀምሬ ወደ ኋላ እየሳብኩ፣ በእያንዳንዱ ዙር ምንም ያልተጨመረ እስኪመስል ድረስ ረጨሁ። ጭሱ ቀስ ብሎ መጣ። አፍንጫዋን በስል ምላጭ ጫፍ ነካ ነካ አድርጌ ላጥኩት። ለአቧራው ሌላ ቀለም አልፈለግኩም፤ ከማረፊያው አጥር ሥር ያፈስኩትን አፈር በካልሲው ነፍቼ፣ እንደ ዱቄት የላመውን ብቻ በቫርኒሽ አሟሟሁና ሆዷ ላይ ነፋሁት። ዘይቱን መጨረሻ ላይ ሠራሁ። ስጨርስ ካርቶን ላይ የተሣለችውን አውሮፕላን አስናቀች። የድሬ ሆነች።

እሑድ ዕለት ሽማግሌዎቹ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይዘዋት ሄዱ። ፈላጊው ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔ መንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ብቻውን ወጣ።

"ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" አለኝ። "ራስህ ና ይሉሃል።"

እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ገባሁ። አባቷ አውሮፕላኗን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አጎንብሰው ያያሉ። ልብስ ሰፊው አዛውንት ፈገግ ብለው ጠቀሱኝ፤ ነገሩ ሰምሯል ማለታቸው ነው። አባቷ በጣታቸው ሳይነኳት ክንፏ ከገላዋ የሚገናኝበትን የጠቆረ ቦታ አመለከቱ።

"ይሄ የኔ እግር ነው" አሉ። "እዚህ ነው የምቆመው። ይህን ማን ነገረህ?"

"አየሁት፣ ጋሼ።"

ዞር አደረጓት። የግራው ሞተር ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ።

"ይሄስ?"

"ዘይት ነው።"

"ምን ዘይት? የኔ ሞተር ዘይት አያፈስም! በዚህች አውሮፕላን ላይ ዘይት ያየ ሰው የለም! ሽማግሌ ልከህ ቤቴ ድረስ ታዋርደኛለህ?"

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ አውሮፕላን የሣልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለመካኒክ ግን ያች አንዲት መስመር ስድብ ናት። አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝ። ልብስ ሰፊው አዛውንት ደግሞ "ልጅ ነው፣ ጋሼ፤ ተሳስቶ ነው። ወላሂ አሁን ያጠፋዋል። የሱ ሥራ እኮ ማጥፋት ነው!" አሉ።

እውነታቸውን ነው። በቀጭን ብርማ ቀለም አንድ ጊዜ ብነፋበት ያ መስመር እንዳልነበረ ይሆናል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፦ ተሳሳትኩ። ልጅቷ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ እንዳለች አውቃለሁ፤ ጫማዋ ይታየኛል። ልቤ፣ በል፣ በላ፣ ተናገርና ውሰዳት ይለኛል። ግን ዓይኔ ያየው ነገር ነው፤ ማታ ማታ ያየሁትን። እኚህ ሰው ውሸታም ብለው መልሰውኛል፤ ታዲያ ዋሽቼ ልገባ ነው?

"አልተሳሳትኩም፣ ጋሼ" አልኩ። "አይቻለሁ። አላጠፋውም።"

"ውጡልኝ" አሉ።

ወጣን። አጎቴ እስከ ለገሃር ድረስ ከፊቴ እየፈጠነ ሄደ። እኔም አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከተማው በሙቀቱ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ የፎቶ ቤቱ በር ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው፣ ከነቱታቸው። ማንም እንዳያያቸው መሆኑ ነው እንጂ በዚያ ፀሐይ ማንም አይወጣም። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የጸዱ ፊቶች አንድ በአንድ አዩ።

"ዘይት ያልበዋል" አሉ በመጨረሻ። "የግራው ሞተር። አብራሪዎቹ ያውቃሉ፣ ጉዳት የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር ካላላበው ዘይቱ አልቋል ማለት ነው። ተሳፋሪ ግን ይደነግጣል። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ እነሣና በጨርቅና በቤንዚን እጠርገዋለሁ። ሁልጊዜ። ማታ አጥሩ ጋ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።"

ታዲያ ከእኔ ሥራ በምን ተለየ ልላቸው አፌ ደርሶ ነበር። ምላሴን ያዝኩ። አንዳንዴ ብልህ ነኝ።

"ልታጠፋው ትችል ነበር?" አሉኝ።

"በአንድ ትንፋሽ።"

"ልጄን እንደምታጣ እያወቅክ? ለምን አላጠፋኸውም?"

"ቢጠፋ የእርስዎ አውሮፕላን አትሆንም ነበር፣ ጋሼ። የሌላ ሰው ትሆን ነበር።"

ከዚያ ተነሥተው "እሑድ ሽማግሌዎችህ ይመለሱ" ብለው ወጡ።

አጎቴን ማሳመን መከራ ሆነብኝ፤ በስንት ልመና ሄደ። ያን ቀን የሆነውን እስኪሞት ድረስ በየሠርጉ ሲያወራው ኖሯል፤ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ምን እንዳገናኘው ግን ፈጽሞ አልገባውም። አባቷ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ፣ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንደ ተከሳሽ ተናገሩ አለ።

"ባለፈው በፊታችሁ ዋሽቻለሁ" አሉ። "የግራው ሞተር ዘይት ያልበዋል። ልጄንም ሰጥቼዋለሁ።"