አክስቴን ያጠበቻት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንዲት ስፌት ከተጣመመች ሙሉውን ተርትራ እንደገና ትጀምራለች። ነፍሷንም በዚያው መኪና የሰፋቻት ይመስላት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ትጸልያለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ትጾማለች፤ ከዚያ ማን እንደማይጾም ትነግረናለች። በጸሎት ቡድናቸው እያንዳንዱ የሚጸለይለትን ነገር ሲናገር፣ የእሷ ተራ ሲደርስ "የእኔ ምስጋና ብቻ ነው" ትላለች። እኔማ እግዚአብሔር ራሱ ሲያነጋግራት ሳይጠነቀቅ አይቀርም እል ነበር።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ጸጉር ሠሪ ሳታገባ ስትወልድ ወሬውን ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ያደረሰችው አክስቴ ናት። ልጅቷ ከመዘምራን ታገደች። "ለነፍሷ ብዬ ነው" አለች አክስቴ። ከዚያ ወዲህ ግን ደረጃው ላይ ሲገናኙ ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ አትመልስላትም።

ባለፈው ክረምት በርጩማ ላይ ቆማ ጥቅል ጨርቅ ስታወርድ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ጠግነው ወደ ቤት ላኳት። ከአልጋ መውረድ ግን አትችልም፤ ጀርባዋ በእርጥበትና በመተኛት ብዛት ከቆሰለ ደግሞ ለሕይወቷ ያሰጋል አሉን። ጠዋትና ማታ እኔ አለሁ፤ ቀን ሥራ አለብኝ። የጸሎት ቡድኑ ሴቶች መጥተው ጸለዩ፣ ብርቱካን አስቀመጡ፣ ሄዱ። ማን ይጠብቃታል ብዬ ስጨነቅ ጸጉር ሠሪዋ በራችንን አንኳኳች።

"ቀን ቀን እኔ ልጠብቃቸው" አለች።

አክስቴ አሻፈረኝ አለች። "በእሷ እጅ ከምታጠብ ብሞት ይሻለኛል!" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በረጠበ አንሶላ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ስትለምናት ብትውልም ግቢ አላለቻትም። "በኩራት ልትሞቺ ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩባት። መልሷን ሳልጠብቅ ወርጄ ልጅቷን ጠራኋት።

ሕፃኗን ወንበር ላይ አስተኝታ፣ ሳፋውን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ፣ "ስድን ጥሩ ቀሚስ እሰፋልሻለሁ" አለች።

"ቀሚስ አለኝ፣ እትዬ።"

"ለልጅሽም እሰፋለሁ።"

"አያስፈልግም።"

"ታዲያ ምን ልስጥሽ?" አክስቴ ተቆጣች። "እንዲያ አድርጌሽ!"

"ምንም። ክንድዎን ብቻ ከፍ ያድርጉልኝ፤ ውሃው እየቀዘቀዘ ነው።"

አክስቴ ክንዷን አነሳች። እንባዋ ትራሱ ላይ ወረደ፤ ልጅቷ ያላየች መስላ ማጠቧን ቀጠለች። ገላዋን አደረቀችላት፣ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈችላት፣ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ አክስቴ እንባዋን ጠረገች።

"ዕድሜ ልኬን ጸጋ፣ ጸጋ ስል ኖሬ" አለችኝ በመጨረሻ፣ "እንዲህ እንደሚያሳፍር አላውቅም ነበር።"