ጋሽ በላቸውን ያመለጠው ባቡር

ልጅ ሳለሁ፣ የእኛ ሚሌኒየም በተከበረበት ሰሞን፣ ኖርዌይ፣ ኦስሎ ውስጥ ሮመን በሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። እናቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተረኛ ስትሆን ከትምህርት ቤት የሚያመጣኝ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖረው ጋሽ በላቸው ነው። ያኔ በክረምት ገና ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይጨልማል፤ ጋሼ መብራቱን ያጠፋና አንድ ሻማ ለኩሶ ጅብና ጦጣ የሌሉበትን ተረቱን ይጀምራል።

በወጣትነቱ እንግሊዝ አገር ሙያ ሊማር ሄዶ ባቡሮች በሚያድሩበት ጋራዥ እሳት ጠባቂ ነበር። ተረቱ ሁሉ ስለ አንድ ዓይነት የእንፋሎት ባቡር ነው፦ በስኮትላንድ ጎሳዎች ስም የተጠሩ፣ ሰውም ዕቃም የሚጎትቱ፣ አሥር ብቻ ተሠርተው ሳያረጁ የተቆራረጡ። ነጂዎቹ «እንፋሎት አይሰጡም» እያሉ ያሟቸው ነበር። እዚህ ላይ ሲደርስ ጋሼ ይቆጣል።

«ወሬ! አያያዙን ሳያውቁበት! ስማ... ስሚ አንቺ፣ እሳት ያለው ባቡር ብቻውን አይተውም። ተተኪው ሳይመጣ ጥለሽው ከሄድሽ ውሃው ያልቅና ጉድ ይፈላል።»

የፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ጋሼ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ሻንጣውን በራችን ሥር አቁሞ የእናቴን ከሥራ መመለስ ይጠብቅ ነበር። ትሮንድሄም ከተማ ያለች ልጁ፣ በልጅነቴ ጥሎን ሄደ ብላ ለዓመታት ያኮረፈችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ና ብላዋለች። እናቴ ደወለች፤ በረዶው መንገድ ዘግቶ ተተኪዋ አልመጣችም። እሱ የሚሄድበት ባቡር ደግሞ ከበዓሉ በፊት የመጨረሻው ነበር።

«ሂድ ጋሼ፣ ያመልጥሃል። እኔ ትልቅ ልጅ ነኝ» አልኩት። አልነበርኩም፤ እንዳይሄድ በልቤ እለምን ነበር።

ሰዓቱን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለና ሻማውን ለኮሰ።

ተረቱን በመሃል አቋርጦ ለልጁ ደወለላት። «የሰው ልጅ አደራ አለብኝ» ሲል ሰማሁት፤ የእሷን መልስ ግን አልሰማሁም። ስልኩን ካስቀመጠ በኋላ ሻማው ላይ ዓይኑን ተክሎ «የት ደርሰን ነበር?» አለኝ። ልጁ ከዚያ ወዲያ አልጠራችውም። እሱም ስለ እሷ አላነሳም፤ የሚያወራኝ ስለ ባቡሮቹ ብቻ ነበር።

ዛሬ የባቡሮቹ ስም ጠፍቶብኛል። የቀረኝ ያ ኮት ሲወልቅ ያየሁት ነው።

አምና ጋሼ ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ሄድኩ። ዓይኑን አይገልጥም፤ ትንፋሹ ግን ይሰማል። ነርሷ ልጁ የመታመሙ መልእክት ደርሷት ከትሮንድሄም በባቡር እየመጣች እንደሆነ ነገረችኝና «አንቺ ሂጂ፣ ደክሞሻል» አለችኝ።

ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩ።