ሰቆጣ መገናኛ ላይ ተራራው የማን ነው?

ይህ ጉዞ ያስወጣኝን ከፊት ላስቀምጠው፤ የነጋዴ ልማዴ ነው። ሁለት ቀፎ ንብ፣ አንድ ሸራ፣ አንድ አህያ፣ የግራ ዓይኔ ደግሞ ለሦስት ቀን። አህያው የኔ አልነበረም። የኔ ቢሆን ኖሮ ይህን ማስታወሻ አልጽፍም ነበር፤ ተናድጄ ዝም እል ነበር።

ጽጽቃ፣ ጎህ ሲቀድ

ከጽጽቃ የወጣነው ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ በማይለይበት ሰዓት ነው። አይሱዙው ላይ አሥር ቀፎ ተደርድሯል፤ በጭቃና በእበት የተለሰነ ረጃጅም የአገር ቀፎ። ማር አይደለም ያለበት፤ ንብ ነው፤ ከነአውራው፣ ከነሠራተኛው። ማታ ሁሉም ከገቡ በኋላ የቀፎውን አፍ በጨርቅ ወትፈን፣ በላዩ ሸራ አልብሰን አሳደርነው።

ጽጽቃ ያለችበት ዝቋላ ወረዳ ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ቆረጠ፤ አበባው ደረቀ። ደሃና ግን ደጋ ነው፤ ጥቅምትም ሆኖ መስኩ እስካሁን ቢጫ ነው። ንቡን አበባ ካጣበት ገዝቼ፣ አበባ ተርፎት ንብ ላጣው መሸጥ። ይህን ለማሰብ ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገኝም። ንብ ጭኖ የገበያ ቀን ሰቆጣ መግባት ግን ምን እንደሚያስፈልግ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር።

ንቡን የሸጡልኝ አያ ገብሩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ገንዘባቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ኩበት የሞላ ቆርቆሮ ይዘው ጭነቱ ላይ ወጡ።

«አያ፣ ሽያጩ እኮ አለቀ» አልኳቸው።

«አንተ ጨርሰሃል። እኔና እነሱ ገና አልተሰነባበትንም» አሉና አንዱን ቀፎ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ከውስጡ የመጣው ድምፅ ሩቅ ያለ ወፍጮ ይመስላል።

ቀጥለው ለሾፌሩ ተናገሩ። «ፀሐይ ሳትበረታ ሰቆጣን እለፍ። ሸራውን ማንም እንዳይገልጠው፤ ጨለማ ከሆነ ሌሊት ይመስላቸዋል። መኪናውም እንዳይደነግጥ።»

አዲሱ ሳቀ። በዋግ መንገድ ያረጀ ሾፌር ነው፤ ከጥርሱ ይልቅ ለመኪናው ጎማ ይጠነቀቃል። «መኪና ይደነግጣል እንዴ፣ አያ?»

«ሾፌሩ ከደነገጠ።»

እኔ ደግሞ የምፈራውን ጠየቅኩ። «ከወጡስ?»

«ሰው ከተሸፋፈነ ይተርፋል። አህያ አይተርፍም። አህያ ይጠላሉ።»

«ለምን?»

«እሱን እነሱን ጠይቅ።»

ጠመዝማዛው ላይ

ጋቢና ውስጥ ሆኜ በቀኝ መስኮት ቁልቁል አያለሁ። ከታች ያለው ወንዝ የተጣለ ክር ያክላል። መስኮቱን ዘጋሁት፤ የዘጋሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብንወድቅ መስታወት አያግደንም።

ይህን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ እዚህ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር እንደሌለ ይወቀው። ያለው ተራራና ገደል ነው። የገደሉ ጠርዝ ክብደት አይችልም፤ ይናዳል። ስለዚህ ጭነት የያዘ መኪና ተራራውን ይይዛል፤ ባዶው ገደሉን ጠጋ ብሎ ያሳልፈዋል። ተራራው በግራህ ከሆነ ፍሬቻህን ወደ ግራ ታበራለህ፤ ከፊት የሚመጣው ይገባዋል። ቋንቋው ይኸው ነው።

አንድ እጥፋት ላይ ባዶ አይሱዙ መጣብን። አዲሱ የግራውን ፍሬቻ አበራ፤ ያኛውም ያለ አንድ ክላክስ ወደ ገደሉ ተጠጋ፤ ግራችንን ይዘን፣ እሱም ግራውን ይዞ ተላለፍን። የኋላ ጎማው ሥር ጠጠር ቁልቁል ሲንሸራተት ሰማሁ። ሾፌሩ እጁን አንስቶ ሰላም አለን። እጁን መሪው ላይ ቢተወው ደስ ባለኝ።

«ይኸ ሕግ የትም አልተጻፈም» አለ አዲሱ እየኮራ። «ግን የሳተው ሰው አላውቅም።»

«የሳተው መጥቶ አልነገረህማ» አልኩት።

ትንሽ እንደሄድን ከተራራው የወረደ ድንጋይ መንገዱን ዘግቶ አገኘን። ሰዎች በዶማና በአጣና ይገፉታል። እኛም ወርደን ገፋን። ድንጋዩ ሲነሳ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ወጥታለች።

አጠገቡ ካለች ዳስ ሻይና ድፎ ዳቦ ገዛሁ፤ ድንጋዩ ከወረደ ወዲህ ሻይ በአምስት ብር ጨምሯል። ባለሻይዋን «ምነው?» ብላት «ነገ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ሲነሳ» አለችኝ። ለሸሪክነት የምፈልገው እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

አያ ገብሩ አልጠጡም። ጆሯቸውን ቀፎው ላይ አድርገው ቆዩ።

«ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«ሞቋቸዋል። ነግቷል ወይ እየተባባሉ ነው።»

እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ። ወፍጮው ቀርቧል።

ሰቆጣ፣ ረፋዱ ላይ

የገበያ ቀን መሆኑን አልረሳሁትም፤ ከገበያው በፊት እናልፋለን ብዬ ነበር። ድንጋዩ ቀደመን።

ከተማው መግቢያ ላይ አራት መንገድ ይገናኛል። አስፋልቱ አዲስ ነው፤ ቀለሙም አዲስ። መሬቱ ላይ ነጭ መስመርና ነጭ ቀስት ተስሏል፤ ወደ አምደወርቅ፣ ወደምንሄድበት የደሃና ከተማ፣ የሚታጠፍ የቀኙን እንዲይዝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ቀስቱ ላይ ግን አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ማዳበሪያ አንጥፋ ተቀምጣበታለች፤ የሚታየን የቀስቱ ጭራ ብቻ ነው። በመስመሩ ላይ ፍየል፣ በመስመሮቹ መካከል ባጃጅ፣ ባጃጅ ባልገባበት ሁሉ ሰው።

ወደ መገናኛው የሚያስወጣው ዳገት ደግሞ ቁርጥ የገጠሩን መንገድ ይመስላል። በግራ የተቆረጠ ኮረብታ፣ በቀኝ ፈፋ። አዲሱ አየው። ተራራ በግራ፤ ገደል በቀኝ፤ ጭነት አለ። እጁ እሱን ሳያማክር የግራውን ፍሬቻ አበራ።

«አዲሱ፣ መስመሩ!» አልኩ።

«የቱ መስመር?»

ከፊታችን ባዶ አይሱዙ ይመጣል። የዋግ ሰው ነው፤ ፍሬቻችንን አየ፣ ገባው፣ አክብሮን ወደ ፈፋው ወገን ተሻገረ። የኛን ትክክለኛ መስመር ያዘ ማለት ነው። እኛም የሱን ያዝን። ሁለቱ ተግባቡ፤ ሁለቱም ተሳሳቱ። ከባዶው አይሱዙ ኋላ ግን ከሩቅ አገር የመጣ የነዳጅ ቦቴ ነበር። እሱ ፍሬቻ አላነበበም። የያዘው ቀለሙን ነው። ቀጥ ብሎ መጣብን።

አዲሱ ፍሬኑን ረገጠ። አፍንጫችን ከቦቴው አፍንጫ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆመ። ከኋላ፣ ከሸራው ሥር፣ ሸክላ ሲሰነጠቅ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ አያ ገብሩ የጋቢናውን ጣሪያ አንዴ ብቻ መቱት። መኪናው ደነገጠ ማለታቸው ነው።

የቦቴው ሾፌር በመስኮት ብቅ አለ። «መስመርህን ያዝ እንጂ! ቀለሙ አይታይህም?»

«ጭነት ይዣለሁ! ተራራው የኔ ነው!» አለ አዲሱ።

«የምን ተራራ? ከተማ ውስጥ እኮ ነህ! እኔስ ምን የያዝኩ መሰለህ፣ ጎመን? ነዳጅ ነው!»

ሁለቱም ጭነት ከያዙ ተራራው የማን ይሆናል የሚለውን የጠመዝማዛው ሕግ አይናገርም። ባዶው አይሱዙ በቀኛችን ከባጃጆች ጋር ተፋጥጧል። ከኋላችን ግመል የጫነ መኪና ቆሟል። ወደ ኋላ የሚል የለም፤ ቢልም ቦታ የለም። ክላክሱ ጀመረ። አምላኬ፣ ክላክሱን ተዉት፣ አልኩ በልቤ፤ ንብ ክላክስ ይወዳል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም ነበር።

ከመኪናችን ጎንና ከኮረብታው መካከል በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ አንዲት ሴት ተይዛለች። ሕፃን አዝላለች፤ ማሽላ የጫነ አህያ ትመራለች፤ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማዋለች። አህያው ከፊት በቦቴው፣ ከኋላ በግመሎቹ መኪና ተዘግቶ ጆሮውን ያገላብጣል። ልክ ከራሱ በላይ የኛ ሸራ ነው።

ትራፊኩ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። «ምንድነው የጫናችሁት? ሸራውን ግለጥ!»

«ቀፎ ነው፣ ጌታዬ።»

«ባዶ ነው?»

«ባዶ ቢሆንማ እንዲህ አልንቀጠቀጥም ነበር።»

ፊሽካው ከአፉ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት አንዲት ንብ ከሸራው ጠርዝ ወጥታ የባርኔጣውን ጫፍ ዞረች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ መቁጠር አቆምኩ።

አያ ገብሩ ጭነቱ ላይ ቆመው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ንቡ መውጣቱን ተናገሩ፤ ሳይጮኹ፣ ሕዝብ እንዲሰማቸው ያህል ብቻ። በፊሽካ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። የሮጠ የለም፤ የጮኸ የለም። ነጠላው ወደ ራስ ወጣ፤ ፍየሉ ተጎተተ፤ ባለሽንኩርቷ ሽንኩርቷን ትታ ሄደች። ቀስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ታየ። ያ ዝምታ ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ፤ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ዝምታ ነው።

ሴትየዋ ብቻ ቀረች።

ወረድኩ። «እቱ፣ ልቀቂው! ውጪ!»

«አህያዬን? ከነማሽላዬ?» አለችኝ። «ያለኝ ይኸው ነው!»

አንዲት ንብ አንገቷ ላይ አረፈች። ሕፃኑ ግንባሩን ተነደፈና ትንፋሹ እስኪቆም አለቀሰ። ሌላው ቀፎዬ በደህና ያለው ሸራው ስላለ ነው፤ ሸራው ከተነሳ ሌሊቱ አበቃ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ነጋዴ ነኝ፤ በዚያ ሰዓትም አሰብኩ። ሕፃኑ ትንፋሹን መልሶ ሲጮህ ግን እጄ ሸራውን ጎትቶታል።

ጀግንነት አይምሰላችሁ። በነሱ ላይ ጣልኩትና እኔም ከሥሩ ገባሁ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ እበትና ማር ይሸታል። በላያችን እንደ በረዶ ዝናብ ይንጠባጠባል፤ ንብ ነው። ግራ ዓይኔ ላይ እሳት ተተክሏል። ሴትየዋ ሕፃኑን ወደ ፊት አዙራ በጡቷ አፈነችው።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አለችኝ።

«የንቦቹ ባለቤት ነኝ።»

«እግዜር ይይልኝ።»

ገመዱ ከሸራው ሥር ወደ ውጭ ይወጣል። አልለቀቀችውም። አህያው ሲጎትት እጇ ይሄዳል፤ እጇን እኔ እይዛለሁ። አንዴ በኃይል ጎተተ፤ ሦስታችንም ተንሸራተትን። ጮኸ። ደግሞ ጎተተ። ደግሞ፤ ግን ቀለል ብሎ። ከዚያ ገመዱ ላላ።

«አረፈ» አለች ለራሷ።

የጭስ ሽታ መጣ። አያ ገብሩ ኩበታቸውን ለኩሰዋል፤ ከቦቴው በሚርቀው ጫፍ ላይ ሆነው ነው፣ በኋላ እንደሰማሁት። መንገዱን ሰውና ባጃጅ፣ ኋላችንን የግመሎቹ መኪና ስለለቀቀው አዲሱ ራሱን በኮቱ ጠቅልሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቀኙን ያዘ፣ ቀስቱን ተከትሎ ታጠፈ። ጭሱም መኪናውም እየራቀ ሲሄድ በላያችን ያለው ዝናብ ቀጭን ሆነ፤ ቆየና ቆመ።

መገናኛው ጥግ፣ ከቀትር በኋላ

የሴትየዋ ስም ትርንጎ ነው። ሕፃኑን ጤና ጣቢያ አሳዩት፤ ከግንባሩ እብጠት በቀር ደህና ነው ተባለ። ይህን እስክሰማ ድረስ የቀመስኩት ውኃ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ባጃጅ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ነጋዴውም ሾፌሮቹም የሞተውን አህያ ዋጋ ያዋጡ አሉ። የቦቴው ሾፌር ተቆጣ።

«እኔ መስመሬን ነው የያዝኩት!»

«አውቀናል፣ ልጄ» አሉት አንዱ ሽማግሌ። «ሰው ሁሉ ተሳስቶ አንተ ብቻ ልክ ስትሆን ነው የተፋጠጣችሁት። ትንሽ ዝቅ ብትል ምን ነበር?»

አላዋጣም፤ እውነት ለመናገር አልፈርድበትም። ግን ሄዶ ለትርንጎ የፈሰሰውን ማሽላ ሲለቅምላት አየሁት።

ሌላ አህያ እኔ ገዛሁላት። ትርንጎን አንድ ቀፎም ጨምሬ ልስጥሽ ብላት አየችኝና «ነፍሰ ገዳዩን ቤቴ ላስገባ?» አለች። አዲሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። የገዛሁላትን አህያ በመገናኛው ስታሻግር ቆማ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ መኪኖቹ ጭነት አየች።

አምደወርቅ፣ ሲመሽ

ከሰቆጣ ወዲህ ያለው መንገድ ላይ አዲሱ ፍሬቻ ሲያበራ ሁሉ እጄ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። አያ ገብሩ ጋቢና ገብተው መሃላችን ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው አይታይም። የጠፉት ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ ነገሩኝ፤ አንዱ ቁጡው፣ አንዱ ከአባታቸው የወረሱት ዘር።

መስኩ ቢጫ ነው። ቀፎዎቹን አወረድን፤ አፋቸውን ሲመሽ ከፈትን። አያ ገብሩ እያንዳንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ተሰነባበቱ።

አሥር ቀፎ ጫንኩ፤ ስምንት አወረድኩ። ትርንጎ በአንድ አህያ ገበያ ወጣች፤ በአንድ አህያ ተመለሰች። ሰው አልጎደለም።